እናታችሁ ረሱ ወይስ አልሰሙም? የአረጋውያንን ጆሮና ዓይን በቤት የመፈተሻና ወደ ሰው መሐል የመመለሻ መመሪያ

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «እናቴ መርሳት ጀምራለች፤ የጠየቅናትን ትታ ሌላ ነገር ትመልሳለች፣ ከሰው ጋር መቀመጥም ትታለች፤ ምን እናድርግ?» ለሁሉም የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ አንድ ነው፦ በቅድሚያ ጆሯቸውና ዓይናቸው ይታይ። ያልሰማ ሰው የረሳ ይመስላል፤ አጥርቶ ያላየ ሰውም የተደናገረ ይመስላል። ሁለቱም ችግሮች ሰውን ቀስ በቀስ ከጨዋታና ከጉርብትና ያርቁታል፤ ይህ ርቀት ደግሞ በበኩሉ አእምሮን ይጎዳል።

ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመው የመርሳት በሽታ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ሊቀነሱ የሚችሉ 14 አጋላጭ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። የመስማት መቀነስ፣ ያልታከመ የእይታ መቀነስና ከሰው መገለል ሦስቱም ከዝርዝሩ ውስጥ ይገኛሉ። ጆሮው የከበደ ሁሉ የመርሳት በሽታ ይይዘዋል ማለት እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ ልብ በሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ደብተርና እስክሪብቶ
- 6 ሜትር የሚሆን ገመድ፣ በየ1 ሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበት
- የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት
- ወላጃችሁ ማንበብ የሚችሉ ከሆነ የለመዱት መጽሐፍ፤ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ያልተለቀመ ምስር በሰፌድ፣ መርፌና ክር
- የሚጠቀሙበት መነጽር ካለ እርሱ
- የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው
- ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የተዘጋበት ጸጥ ያለ ክፍል
- ንጹሕ የወይራ ዘይትና ጠብታ ማድረጊያ (ለደረጃ 3 ብቻ)

ማስጠንቀቂያ፦ ከሚከተሉት አንዱ ከታየ የቤት ፍተሻውን ትታችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ውሰዷቸው። አንድ ጆሮ በድንገት ወይም በ3 ቀናት ውስጥ መስማት ካቆመ፤ እይታ በድንገት ከጠፋ ወይም ዓይን ቀልቶ ከባድ ሕመምና ማስመለስ ከተከተለ፤ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፤ እስከ ትናንት ደህና የነበሩ ሰው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ግራ ከተጋቡ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የኢንፌክሽን፣ የውኃ ጥም ወይም የመድኃኒት ችግር ምልክት ስለሆነ «እርጅና ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይገባም።

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀናት መዝግቡ

ወላጃችሁ የተሳሳተ መልስ በሰጡ ወይም ነገር በሳቱ ቁጥር አራት ነገሮችን ጻፉ፦ ተናጋሪው ከፊታቸው ነበር ወይስ ከኋላቸው፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር ወይስ ጫጫታ ነበረው፤ ብርሃኑ እንዴት ነበር፤ ነገሩ በእርጋታ በድጋሚ ሲነገራቸው ትክክለኛውን መልስ ሰጡ ወይስ አልሰጡም። አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። በድጋሚ ሲነገራቸው አስተካክለው የሚመልሱ ሰው መጀመሪያውኑ ሳይሰሙ የቀሩ ይሆናሉ፤ በደንብ ሰምተው፣ መልሰው፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያንኑ እንደ አዲስ የሚጠይቁ ሰው ግን የማስታወስ ችግር ሊኖርባቸው ይችላል።

ከዚህ ጋር የልማድ ለውጦችንም መዝግቡ። ለሁሉም ነገር ፈገግ ብለው «አዎ» ማለት፣ ስልክ ሲጮኽ ለሌላ ሰው ማቀበልና የቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ ማድረግ ወደ ጆሮ ይጠቁማሉ። ቡና ከስኒ ውጭ ማፍሰስ፣ ምስር ሲለቅሙ ጠጠር መሳት፣ ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ መያዝ፣ በመንገድ ላይ ጎረቤትን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ወደ ዓይን ይጠቁማሉ። ጎረቤት «ኮሩብን» ሲል የሰማችሁ እንደሆነ ይህንንም ጻፉት፤ ፊት ለይተው ማየት ያቃታቸው ብዙ እናቶች የሚታሙት በዚሁ ነው።

ደረጃ 2፦ ጆሮን በሹክሹክታ ፈትሹ

ይህ ፍተሻ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ ሲሆን፣ ምርመራ የሚያስፈልገውን ሰው ይለያል እንጂ የችግሩን ዓይነት አይናገርም።

ሀ. ወላጃችሁን በጸጥታው ክፍል አስቀምጡና የምታደርጉትን አስቀድማችሁ አስረዷቸው። ፈተና እንደተቀመጠ ሰው ከተጨነቁ ውጤቱ ይበላሻል።

ለ. ከኋላቸው በክንድ ርቀት፣ ማለትም 60 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ ቁሙ። ከኋላ የምትቆሙት ከንፈራችሁን እንዳያነቡ ነው፤ ጆሮው የደከመ ሰው ሳያውቀው ከንፈር ማንበብ ስለሚለምድ ከፊት የተደረገ ፍተሻ ያታልላችኋል።

ሐ. የማይፈተነውን ጆሮ ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ትንሽ ሥጋ በጣት ተጭናችሁ በቀስታ እያሻችሁ ድፈኑት፤ አለበለዚያ ጤነኛው ጆሮ ለደካማው ይሰማለታል።

መ. ትንፋሻችሁን ሙሉ በሙሉ አስወጡና በቀረችው ትንፋሽ ሦስት ነገር በሹክሹክታ ተናገሩ፤ ለምሳሌ «ስድስት፣ ሻይ፣ አራት»። ትንፋሽ ማስወጣቱ የሹክሹክታው ኃይል በየጊዜው ተመሳሳይ እንዲሆን ይረዳል።

ሠ. ሦስቱንም መልሰው ካሉ ጆሮው አልፏል። ካልሆነ ሌላ ሦስት ተናገሩ፤ ከስድስቱ ቢያንስ ሦስቱን ካላገኙ ያ ጆሮ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከዚያ ወደ ሌላው ጆሮ እለፉ፤ ቃላቱንም ቀይሩ።

በሹክሹክታ የምንፈትነው ከዕድሜ ጋር ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ ነው። እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ ያሉ ድምፆች ቀጭን ናቸው፤ አናባቢዎች ግን ወፍራም ስለሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ እናታችሁ ድምፅ እንዳለ ይሰማሉ፤ «ሠራ» እና «ፈራ»ን፣ «ስም» እና «ፍም»ን ግን መለየት ያቅታቸዋል። «እሰማለሁ፣ ግን አታጉረምርሙ» የሚሉት እውነታቸውን ነው። የሕፃናትና የሴቶች ድምፅ ከወንዶቹ ይበልጥ የሚያስቸግራቸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ደረጃ 3፦ ኩክ መኖሩን ተመልከቱ

የጆሮ መስመር በኩክ መደፈን ከሁሉም በቀላሉ የሚስተካከል የመስማት ችግር ስለሆነ ውድ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መታየት አለበት። የጆሮውን የላይኛውን ክፍል በቀስታ ወደ ላይና ወደ ኋላ ስባችሁ በመብራት ተመልከቱ። ቡናማ ድፍን ነገር ከታየ፣ በመዳፍ ውስጥ ይዛችሁ ብርዱን ያጠፋችሁለትን የወይራ ዘይት 2 ወይም 3 ጠብታ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ3 እስከ 5 ቀናት አድርጉ። ከጠብታው በኋላ ለ5 ደቂቃ በጎን ይተኙ። ዘይቱ ኩኩን ያላላል፤ ካልወጣ በጤና ጣቢያ ይታጠባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድምፅ ይበልጥ ሊታፈን ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጆሮው የሚያመው፣ ፈሳሽ ወይም መግል የሚወጣው፣ ታምቡሩ ተበስቶ የሚያውቅ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ከሆነ ምንም ነገር አታድርጉበት። በእሳት የሞቀ ዘይት፣ የዕፅ ጭማቂ፣ ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦና ጫፉ ጥጥ የሆነ እንጨት ፈጽሞ አይግቡ። የመጀመሪያው ያቃጥላል፤ የመጨረሻዎቹ ኩኩን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቃሉ ወይም ታምቡር ይበሳሉ።

ደረጃ 4፦ ዓይንን አንድ በአንድ ፈትሹ

በደጅ፣ በቀን ብርሃን፣ ገመዱን ዘርግታችሁ 6 ሜትር ራቁ። ወላጃችሁ መነጽር ካላቸው አድርገው፣ አንዱን ዓይን ሳይጫኑ በመዳፍ ሸፍነው ያሳያችኋቸውን ጣቶች ይቁጠሩ። ከዚያ ሌላውን ዓይን። ከ6 ሜትር ላይ መቁጠር ያቃተው ዓይን እይታው በጣም የቀነሰ ነው፤ ቢቆጥሩም ግን ዓይኑ ደህና ነው ማለት አይደለምና ምርመራውን አታስቀሩት። በሁለት ዓይን ብቻ ከተፈተነ ደህናው ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ሰዎች አንድ ዓይናቸው ማየት ማቆሙን በአጋጣሚ የሚያውቁትም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ መጽሐፉን በ40 ሴንቲሜትር ርቀት ያንብቡ፤ ወይም ምስሩን ይልቀሙ፣ መርፌውን ያስገቡ። የሩቁ ደህና ሆኖ የቅርቡ ብቻ ካስቸገረ ብዙ ጊዜ የማንበቢያ መነጽር ይበቃል።

በመጨረሻም እነዚህን ጠይቁ። ፀሐይ ሲበረታ እይታ ይብሳል? ነገር በጉም ውስጥ ያለ ይመስላል? የዓይኑ ብሌን ነጣ ብሏል? ይህ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ምልክት ሲሆን በኢትዮጵያ ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት መንስኤ ነው፤ በቀዶ ሕክምናም ይድናል። ፊት ለፊት ያለውን እያዩ ከበር መቃን ወይም ከጎን ካለ ሰው ጋር ይጋጫሉ? ይህ ግላኮማ የተባለው የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ ሊሆን ይችላል። ግላኮማ ያጠፋውን እይታ መመለስ አይቻልም፤ በሽታው ያለ ሕመም ስለሚመጣም ወላጅ ወይም እኅት ወንድም የታመመበት ሰው ምልክት ሳይጠብቅ መመርመር ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ። እይታቸው እጅግ የቀነሰ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ የሌለ ነገር ያያሉ፤ ሕፃናት፣ አበባ፣ የተሰለፉ ሰዎች። ቻርልስ ቦኔት ሲንድሮም ይባላል። የሚከሰተውም ከዓይን መረጃ ያጣው የአእምሮ ክፍል የራሱን ምስል ስለሚፈጥር ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሰው ራሳቸው እውነት አለመሆኑን ያውቃሉ። እብደት ወይም መንፈስ ነው ብላችሁ አታስፈራሯቸው። ጠበል መሄድ ከፈለጉ ይሂዱ፤ የዓይን ምርመራው ግን በዚያ ምክንያት አይዘግይ።

ደረጃ 5፦ ደብተሩን ይዛችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ

ከጤና ጣቢያ ጀምሩና ለጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ እንዲሁም ለዓይን ክፍል ሪፈር ጠይቁ። በአዲስ አበባ የምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል፣ በክልል ደግሞ እንደ ጎንደርና ጅማ ባሉ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ያሉት የዓይን ሕክምና ማዕከላት አገልግሎቱን ይሰጣሉ። መድኃኒቶቹን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የተባሉት መርፌዎች፣ ሽንት የሚያሸናው ፉሮሴማይድና በብዛት የሚወሰድ አስፕሪን ጆሮን ሊጎዱ ይችላሉ። ሐኪም ሳያዝ ግን አንዱንም አታቋርጡ። የስኳር በሽታ ካለ ሬቲናው (ከዓይን በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል) እንዲታይ ጠይቁ።

የሞራ ግርዶሽ ከተገኘ «እስኪበስል ይጠብቅ» የሚለውን የቆየ ምክር አትቀበሉ። በዛሬው ሕክምና መብሰል አይጠበቅም፤ እንዲያውም እጅግ የጠነከረ ሞራ ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል፣ በዚህ መሐልም ወላጃችሁ ሊወድቁና ሊሰበሩ ይችላሉ። ቀዶ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ዓይኑን ብቻ በማደንዘዝ የሚሠራ ሲሆን ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጠናቀቃል። በአሜሪካ ከ3,000 በላይ አረጋውያንን የተከታተለ ጥናት፣ የሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ካላደረጉት ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 30 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ አግኝቷል። ይህ ተያያዥነትን የሚያሳይ ግኝት ስለሆነ ቀዶ ሕክምናውን እንደ መርሳት መድኃኒት አትዩት፤ ማየት መቻሉ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ደረጃ 6፦ የመስሚያ መሣሪያ ከታዘዘ በቀስታ አስለምዱ

መሣሪያ በመስማት ምርመራ ውጤት ልክ መስተካከል አለበት። በየሱቁ የሚሸጡት ርካሽ ድምፅ ማጉያዎች የሳህኑንም የመኪናውንም ድምፅ ከንግግሩ እኩል ስለሚያጎሉ ሰውን ያስመርራሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት በጸጥታ ክፍል፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን 2 ሰዓት ያህል ያድርጉት። በየሳምንቱ ሰዓቱንና የሰዉን ቁጥር ጨምሩ። ለዓመታት ያልሰማቸውን ድምፆች አእምሮ እንደገና መለየት ስለሚማር ለመልመድ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ለለቅሶ ወይም ለሠርግ ድንኳን አድርገውት የሄዱ ሰው ሲመለሱ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ ዳግመኛም አያወጡትም።

የምትጣል ባትሪ ከሆነች፣ ተለጣፊውን ከላጣችሁ በኋላ 1 ወይም 2 ደቂቃ አየር አስነኳት፤ የምትሠራው በአየር ነው። ማታ የባትሪውን በር ከፍታችሁ አሳድሩት፤ በውኃና በላብ እንዳይርስ፣ ከፀጉር ቅባትም እንዲርቅ አድርጉ። ባትሪዋ ክኒን ስለምትመስል ከመድኃኒት ጋር አታስቀምጧት፤ ወላጅም ሆነ ሕፃን ከዋጣት አደገኛ ስለሆነች ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

መሣሪያው አእምሮን ይጠብቃል ወይ ለምትሉኝ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው፣ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆነ 977 ሰዎች በአሜሪካ ለ3 ዓመታት የተሳተፉበት ሙከራ በሁሉም ላይ ሲደመር ልዩነት አላሳየም። ለአእምሮ ድካም ይበልጥ የተጋለጡት ላይ ግን የድካሙን ፍጥነት በ48 በመቶ ቀንሶታል።

ደረጃ 7፦ አነጋገራችሁንና ክፍሉን አስተካክሉ

ይህ ደረጃ ገንዘብ አያስወጣም፤ መሣሪያ ለተገኘለትም ላልተገኘለትም እኩል ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉ በላይ የምተማመነው በዚህ ነው።

በመጀመሪያ በስማቸው ወይም «እማዬ» ብላችሁ ጥሩና እስኪያዩዋችሁ ጠብቁ፤ ያልተዘጋጀ ጆሮ የዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ ያጣል። ከ1 እስከ 1 ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ዝግ ብላችሁ፣ ድምፃችሁን ወፈር አድርጋችሁ ተናገሩ፤ አትጩኹ። ጩኸት የሚያጎላው አናባቢዎቹን ስለሆነ ቃሉን አያጠራውም፤ የደከመ ጆሮንም ያሳምማል፤ ፊታችሁንም የተቆጣ ያስመስላል። ካልሰሙ ያንኑ ቃል ከመደጋገም በሌላ ቃል ግለጹት፤ «ሐኪሙ ሐሙስ ቀጥሮናል» ካልተሰማ «ከነገ ወዲያ ሆስፒታል እንሄዳለን» በሉ። ሦስተኛም ቢሆን ካልሰሙ ጻፉት ወይም አሳዩት። «ተዪው፣ ምንም አይደለም» የሚለውን አነጋገር ከቤታችሁ አውጡ። አንድ እናት ይህን በቀን አሥር ጊዜ ከሰሙ በሳምንቱ መጨረሻ መጠየቅ ያቆማሉ።

የመቀመጫውን ነገር በተለይ ተመልከቱ። ብርሃን መውደቅ ያለበት በተናጋሪው ፊት ላይ ስለሆነ ወላጃችሁ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ። ጀርባቸው ወደ ግድግዳ ከሆነም ከኋላ የሚመጣ ጫጫታ ይቀንሳል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ስለሆነ አምፖል ጨምሩ፤ በተለይ በደረጃና ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ። የደረጃውን ጠርዝ በነጭ ወይም በቢጫ ቀለም አስምሩ።

ማሽተት የቀነሰባቸው ከሆነ የተበላሸ ምግብና የሚያፈስ ቡታጋዝ አይለዩም፤ ሲሊንደሩን ሌላ ሰው ይቆጣጠር። የከሰሉ መርዛማ ጋዝ ግን ለማንም አይሸትም፤ ስለዚህ ምድጃው በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር።

ደረጃ 8፦ ወደ ሰው መሐል በጥቂት በጥቂቱ መልሷቸው

ጆሮና ዓይን ተስተካክሎ ሰው ካልተገኘ ሥራው ግማሽ ላይ ቀረ። ጨዋታ ትኩረትን፣ ቋንቋን፣ ትዝታንና የሰውን ፊት ማንበብን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ስለሆነ በቴሌቪዥን አይተካም።

በቡና ጀምሩ። ሁለት ወይም ሦስት የሚወዷቸውን ጎረቤቶች ብቻ፣ በተወሰነ ቀንና ሰዓት ጥሩ። ቡናው ሲቆላና ሙቀጫው ሲወቀጥ ስለማይሰሙ ቁም ነገሩ አቦሉ ከተቀዳ በኋላ ይሁን። አንድ በአንድ ተነጋገሩ፤ ርዕሱ ሲቀየርም «አሁን ስለ ልጇ ሠርግ ነው የምናወራው» ብሎ የሚነግራቸው ሰው ይኑር። ከተቻለ ሥራ ስጧቸው፦ ስኒውን ይደርድሩ፣ ምርቃቱን ይመርቁ። እንግዳ ሆነው የሚቀመጡ ሰው ቶሎ ይሰለቻሉ፤ የሚጠበቁ ሰው ግን ይመጣሉ።

ይህን ከለመዱ ወደ ዕድር ስብሰባ፣ ወደ ማኅበር፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ እለፉ። ለዕድሩ ዳኛ አስቀድማችሁ ነግራችሁ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ያስቀምጧቸው። በድምፅ ማጉያ አጠገብ ማስቀመጥ አይረዳም፤ የሚያስተጋባ ድምፅ ቃላትን ያደባልቃል።

በዓረብ አገር፣ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ሆናችሁ በስልክ የምትጠይቁ ልጆች፣ ቀንና ሰዓት ቆርጣችሁ በቪዲዮ ደውሉ፤ ብርሃኑ በፊታችሁ ላይ ይሁን፤ አንድ ሰው ብቻ ይናገር። መላው ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚጮኽበት የቡድን ጥሪ ለእነሱ ጫጫታ ብቻ ነው። ወላጃችሁን ውጭ አገር ያመጣችሁ ደግሞ፣ የልጅ ልጆች በአገሩ ቋንቋ ሲያወሩ አያት በሁለት በኩል፣ በጆሮም በቋንቋም፣ እንደሚደናቆሩ አስቡ፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ በአማርኛ የሚያጫውታቸው እኩያ ፈልጉላቸው።

ደረጃ 9፦ በ3ኛው ወር ደብተሩን አወዳድሩ

የደረጃ 1ን የ7 ቀን ምዝገባ ድገሙና ጎን ለጎን አንብቡት። ስሕተቱ ከቀነሰ በያዛችሁት ቀጥሉ፤ የዓይንና የጆሮ ምርመራውንም በየዓመቱ ድገሙ። በደንብ እየሰሙና እያዩ የሚያውቁት ሰፈር ውስጥ ከጠፉ፣ የለመዱትን ቡና ማፍላት ቅደም ተከተሉ ከጠፋባቸው፣ የገንዘብ ኖት ማስላት ካቃታቸው ወይም ጠባያቸው ከተቀየረ ለመርሳት በሽታ ምርመራ ውሰዷቸው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና ድብርትም ተመሳሳይ መልክ ስላላቸው እንዲታዩ ጠይቁ። የማስታወስ ፈተናው መስሚያቸውንና መነጽራቸውን አድርገው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ካልተሰጠ ዝቅተኛው ውጤት የአእምሮ ይሁን የጆሮ አይታወቅም።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

የሌላ ሰው መነጽር ማድረግ፤ ልኩ ካልሆነ ራስ ያዞራል፣ ያስወድቃል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የዓይን ጠብታ መግዛት፤ ስቴሮይድ ያለባቸው ጠብታዎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ራሳቸው ግላኮማና ሞራ ያመጣሉ።

«እንዳይደክሙ» ብሎ ሥራ ሁሉ መንጠቅ፤ እናት ከጓዳ ሲወጡ ከወሬውም አብረው ይወጣሉ።

በሰው ፊት «አይሰሙም እኮ» ማለት፤ ይህችን ግን ብዙ ጊዜ ይሰሟታል።

በሐኪም ፊት ለእሳቸው መመለስ፤ ከጎናቸው ተቀመጡ፣ ጥያቄውን ካልሰሙ በዝግታ ድገሙላቸው፣ መልሱን ግን ከአፋቸው እስኪወጣ ጠብቁ፤ ደብተሩን ለሐኪሙ የምትሰጡት እሳቸው ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው።